የኮምፒዩተር ሜሞሪና የማዘርቦርድ ስምምነት አጭር ታሪክ

ታሪክ በተባለ ጊዜ ወደ ልቡናችን ቶሎ የሚመጣው የነገሥታት ዘመንና የጦርነት ወሬ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ በእጁ የሠራቸው ዕቃዎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸውንም ብዙ ጊዜ በገዛ አካላቸው ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የሚያንሰው፥ በተለምዶ ራም እየተባለ የሚጠራው የኮምፒዩተር ሜሞሪ ነው። ይህን ዕቃ በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው ወርቅማ ጥርሶች በተደረደሩበት ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍተት ያያል። ክፍተቲቱ በትክክል መካከል ላይ አይደለችም፤ ወደ አንድ ወገን ፈንጠር ብላለች። እንዲሁም አሮጌውንና አዲሱን ሜሞሪ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው የሁለቱ ክፍተት በአንድ ቦታ እንዳልሆነ ይረዳል።

ይህች ክፍተት ለምን በዚያ ቦታ ተደረገች? አንድ ሜሞሪስ ለአንድ ማዘርቦርድ የሚስማማ መሆኑ በምን ይታወቃል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ የሁለተኛው መልስ የሚገኘው በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ነው።

ጥያቄው ለእኛ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በብዙ ትምህርት ቤቶችና ቤቶች የሚገኙት ኮምፒዩተሮች በሌላ ሰው እጅ ቆይተው የመጡ፥ ዕድሜያቸውም ልዩ ልዩ የሆነ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ሥራው ሲዘገይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሜሞሪ ብቻ ነው፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፥ ትንሽ ሜሞሪ ቢጨመርለት ለብዙ ተማሪዎች ሊያገለግል ይችላል። የማይስማማ ሜሞሪ የተገዛ እንደ ሆነ ግን የወላጅ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል፤ በኃይል ተገፍቶ የገባ እንደ ሆነም ደኅና የነበረው ማዘርቦርድ ይበላሻል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር የተገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሜሞሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ማዘርቦርድ የሚባለው የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትና እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። ከክፍሎቹ መካከል ፕሮሰሰር የሚያስበው፥ ዲስክ ደግሞ ጽሑፍን ለዘለቄታ የሚያከማቸው ነው። ሜሞሪ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። በክፍላችን ውስጥ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ልንመስለው እንችላለን። መምህሩ ከመጽሐፍ ለዕለቱ ትምህርት የሚያስፈልገውን ብቻ አውጥተው በሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ትምህርቱም ሲያልቅ ይጠፋል። ሜሞሪም እንደዚሁ ከዲስኩ የተቀዳውን ለጊዜው ይይዛል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሰሌዳው ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ መምህሩ በየጊዜው እያጠፉ ሲጽፉ ትምህርቱ ይጓተታል። ሜሞሪው ያነሰው ኮምፒዩተር የሚዘገይበትም ምክንያት ይኸው ነው።

በእጅ የተሸመነው ሜሞሪ

በመጀመሪያው ዘመን ሜሞሪ ከማዘርቦርድ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩም ሜሞሪውም በአንድነት፥ አንዱ ለሌላው ተብሎ የሚሠራ ነበርና። በ1953 በአሜሪካ አገር በኤም አይ ቲ፥ ጄይ ፎሬስተር በሚባሉ መሐንዲስ መሪነት ዊርልዊንድ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ከጥቃቅን የመግነጢስ ቀለበቶች የተሠራ ሜሞሪ ተገጠመ። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ቢት ብቻ፥ ማለት አንድ የዜሮ ወይም የአንድ ምልክት ይይዝ ነበር። በቀለበቶቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፉት ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሽመና ሥራ በእጅ የሚገቡ ሲሆኑ፥ ይህን ዓይን የሚያደክም ሥራ በየፋብሪካው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ።

በዚህ ጥበብ መነሻ ላይ ስማቸው የሚነሣ ሌላም ሰው አሉ። እርሳቸውም በሻንግሃይ ተወልደው በ1945 ወደ አሜሪካ የሄዱት አን ዋንግ ናቸው። ዋንግ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ስለ መግነጢስ ሜሞሪ ያገኙትን ሐሳብ በ1949 ለባለቤትነት መብት አስመዘገቡ፤ በ1951ም በስማቸው የሚጠራ ኩባንያ አቋቋሙ። ይህ ኩባንያ በታሪካችን ውስጥ ኋላ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ስሙን በልቡ ያኑር።

ከቀለበት ወደ ቺፕ

በ1966 ሮበርት ዴናርድ የተባሉ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሊቅ አንድ ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ ሊያዝ እንደሚችል ፈለሰፉ፤ የባለቤትነቱም መብት በ1968 ተሰጠ። ካፓሲተሩ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙሌት ይይዛል፤ ሙሌቱ ግን እንደሚያንጠባጥብ እንስራ እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየተነበበ መልሶ መሞላት አለበት። ዳይናሚክ ራም የሚል ስም የተሰጠው ስለዚህ ነው። እኒህ ሊቅ በ2024 ዐረፉ፤ የፈለሰፉት ነገር ግን ዛሬም በምንይዘው ሜሞሪ ሁሉ ውስጥ ይሠራል።

በ1970 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ፥ ያን ጊዜ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ሲሆን፥ 1103 የተባለውን ቺፕ ለገበያ አወጣ። ይህ ቺፕ 1,024 ቢት ይይዝ ነበር። ዛሬ 8 ጊጋባይት የሚባለው አንድ ሜሞሪ 68,719,476,736 ቢት ስለሚይዝ፥ ከ67 ሚሊዮን የሚበልጡ የ1103 ቺፖችን ይተካል ማለት ነው። ዋጋው እየቀነሰ ሲሄድ ቺፑ የመግነጢሱን ቀለበት ከገበያ አስወጣው። ከዚህም ጋር አዲስ ነገር መጣ። ሜሞሪ ለብቻው የሚሸጥ፥ ለብቻውም የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ዕቃ ለብቻው ሲሸጥ ደግሞ፥ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚለው ጥያቄ ይወለዳል።

መልኩ አንድ፥ ጠባዩ ሌላ

ጥያቄው በግልጥ የታየው በ1981 አይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተሩን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ነው። በዚያ ኮምፒዩተር የመጀመሪያው ማዘርቦርድ ላይ ለሜሞሪ የሚሆኑ አራት ረድፎች የነበሩ ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ረድፍ ዘጠኝ ቺፖች ይደረደሩ ነበር። ስምንቱ ለሥራው፥ ዘጠነኛው ስሕተትን ለመቆጣጠር የቆመ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በብየዳ የተያያዘ ሲሆን፥ በቀሩት ሦስት ረድፎች ባለቤቱ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ቺፕ እየገዛ ሊሰካ ይችል ነበር።

እያንዳንዱ ቺፕ 16 ኪሎቢት የሚይዝና 16 እግሮች ያሉት ነበር። ብዙ ሳይቆይ አራት እጥፍ የሚይዝ የ64 ኪሎቢት ቺፕ በገበያ ተስፋፋ፤ ይህም 16 እግሮች ነበሩት፤ በመልክም ከፊተኛው ጋር አንድ ነው። እንግዲህ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በቦታው መሰካት ምን ይከለክላል? የሚከለክለው ዓይን የማያየው ነገር ነው። የ16 ኪሎቢቱ ቺፕ ሦስት ዓይነት ኃይል ይፈልግ ነበር፤ ይኸውም 12 ቮልት፥ 5 ቮልትና ከዜሮ በታች 5 ቮልት ነው። የ64 ኪሎቢቱ ቺፕ ግን የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው። ይልቁንም ስምንተኛው እግር በአሮጌው ቺፕ 12 ቮልት የሚቀበል ሲሆን፥ በአዲሱ 5 ቮልት የሚቀበል ነበር። ስለዚህ አዲሱን ቺፕ በአሮጌው ማዘርቦርድ የሰካ ሰው ለ5 ቮልት የተሠራውን ዕቃ 12 ቮልት ያጠጣዋል፤ ቺፑንም ለጥፋት ይዳርገዋል። አይ ቢ ኤምም ለአዲሱ ቺፕ ሌላ ማዘርቦርድ ማዘጋጀት ግድ ሆነበት።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። መግባትና መስማማት አንድ አይደሉም። በቀዳዳው ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ለቀዳዳው የተሠራ አይደለም። የኋለኞቹ መሐንዲሶች በሜሞሪው ጠርዝ ላይ ክፍተት ያበጁት ይህን ትምህርት ልብ ብለው ነው።

ከዋንግ ቤት የወጣው ሰሌዳ

ቺፕን አንድ በአንድ መሰካት አድካሚ ነበር፤ እግሩም ቶሎ ይታጠፍ ነበር። በ1983 ቀደም ብለን ስሙን ባነሣነው በዋንግ ኩባንያ ውስጥ ቺፖችን በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ አሰልፎ ሰሌዳውን እንዳለ የመሰካት ዘዴ ተገኘ፤ ስሙም ሲም ሞጁል ተባለ። በመግነጢስ ቀለበት ዘመን ስማቸው የተነሣው ሰው ያቋቋሙት ቤት፥ በቺፕ ዘመንም ሁለተኛ በር ከፈተ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሲም ሞጁል 30 መገናኛዎች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜ የሚያቀብለውም 8 ቢት ነበር። ፕሮሰሰሩ ግን እያደገ ሄዶ በአንድ ጊዜ 32 ቢት መቀበል ጀመረ። ስለዚህ 486 የተባለው ፕሮሰሰር ያለበት ኮምፒዩተር እነዚህን ሞጁሎች አራት አራት አድርጎ ካልሰኩለት አይሠራም ነበር። ቀጥሎ 72 መገናኛዎች ያሉት፥ 32 ቢት የሚያቀብል ሞጁል መጣ። በ1993 ደግሞ ፔንቲየም የተባለው ፕሮሰሰር 64 ቢት የሚቀበል ሆኖ ወጣ፤ ለእርሱም ባለ 72ቱን ሞጁል ሁለት ሁለት አድርጎ መሰካት ያስፈልግ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው አንድ ብቻ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሄደ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ይለዋል። ይህን ችግር ያስወገደው ዲም የተባለው 168 መገናኛዎች ያሉት ሞጁል ነው፤ እርሱ ብቻውን 64 ቢት ያቀብል ነበርና አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር።

የመሐንዲሶች ጉባኤ

በዓለም ላይ ብዙ ኩባንያዎች ሜሞሪ ይሠራሉ፤ ማዘርቦርድም የሚሠሩ ሌሎች ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ በሺህ ኪሎሜትር ተራርቀው የሠሩት ዕቃ በአንድ ተማሪ ገበታ ላይ ተገናኝቶ የሚገጥመው በምን ተአምር ነው? ተአምር አይደለም፤ ስምምነት ነው። ጄዴክ የሚባል ማኅበር አለ። ሥሩ በ1944 የራዲዮ አምፖሎችን ስምና ቁጥር ለማስተካከል በተቋቋመ ጉባኤ ላይ ነው፤ በ1958 ትራንዚስተርንና የመሰሉትን ዕቃዎች ጨምሮ ጄዴክ ተባለ። በዚህ ማኅበር ውስጥ በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች መሐንዲሶቻቸውን ልከው፥ የመገናኛው ቁጥር ይህን ያህል ይሁን፥ ቮልቱ ይህን ያህል ይሁን፥ ክፍተቲቱ በዚህ ቦታ ትሁን እያሉ ይወስናሉ፤ ውሳኔውንም ጽፈው ለሁሉ ያወጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ከማኅበሩ ውሳኔዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ዲዲአር የተባለው ሜሞሪ በ2000 ተወሰነ፤ 184 መገናኛዎች አሉት፤ በ2.5 ቮልትም ይሠራል። ዲዲአር 2 በ2003 ተወሰነ፤ መገናኛዎቹ 240፥ ኃይሉ 1.8 ቮልት ነው። ዲዲአር 3 በ2007 ወጣ፤ የመገናኛዎቹ ቁጥር እንደ ፊተኛው 240 ሲሆን ኃይሉ 1.5 ቮልት ነው። ዲዲአር 4 በ2012፥ በ288 መገናኛዎችና በ1.2 ቮልት፤ ዲዲአር 5 ደግሞ በ2020፥ ቁጥሩ ሳይለወጥ በ288 መገናኛዎችና በ1.1 ቮልት ተወሰነ። ኃይሉ በየጊዜው ዝቅ ያለው ሜሞሪው ብዙ እንዳይሞቅና ብዙ ኤሌክትሪክ እንዳይበላ ነው።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይመለከት አይቀርም። ዲዲአር 2ና ዲዲአር 3 የመገናኛቸው ቁጥር እኩል ነው፤ ርዝመታቸውም እኩል ነው፤ ቮልታቸውና ቋንቋቸው ግን የተለያየ ነው። እንደ 1981ዱ ቺፕ ቢተዉ ኖሮ የሚሳሳተው ሰው ብዙ በሆነ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ክፍተቲቱን ከቦታዋ አንቀሳቀሱ። በማዘርቦርዱ መሰኪያ ውስጥም በክፍተቲቱ ልክ ትንሽ ጉጥ አደረጉ። ጉጡና ክፍተቲቱ ካልተገናኙ ሜሞሪው አይገባም። በመግቢያችን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ክፍተቲቱ ባለማወቅ የሚደረገውን ስሕተት የምትከለክል ዘበኛ ናት። በኃይል የሚገፋ ሰው የሚታገለው ከፕላስቲክ ጋር ሳይሆን ለእርሱ ብለው ካሰቡለት ሰዎች ጋር ነው።

በራምበስ ጊዜ የሆነው ነገር

ስምምነት ግን ያለ ፈተና አልቀረም። በ1990 ራምበስ የሚባል ኩባንያ በአሜሪካ ተቋቁሞ ከሌላው የተለየ ፈጣን ሜሞሪ አሰበ። በ1996 ኢንቴል ይህን ሜሞሪ ለወደፊቱ ኮምፒዩተሮቹ እንዲሆን መረጠው። ሪም የተባለው የዚህ ሜሞሪ ሞጁል እንግዳ ጠባይ ነበረው። ምልክቱ ከአንዱ መሰኪያ ወደ ሌላው በተራ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ባዶ መሰኪያ መተው አይቻልም ነበር፤ ምንም ሜሞሪ የሌለበት መሸጋገሪያ ሰሌዳ ገዝቶ መድፈን ያስፈልግ ነበር።

በ1999 ኢንቴል 820 የተባለውን የማዘርቦርድ ቺፕሴት ሊያወጣ ሲል፥ ሦስት መሰኪያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ ስሕተት ስለ ታየ ነገሩ ዘገየ፤ በኅዳር ወር ወደ ሁለት መሰኪያ ተቀንሶ ወጣ። ሜሞሪው ውድ ነበርና፥ ርካሹን ኤስዲራም ከዚሁ ቺፕሴት ጋር የሚያነጋግር አስተርጓሚ ቺፕ ተሠራ። አስተርጓሚውም ጉድለት ተገኘበት፤ ኮምፒዩተሩ በድንገት እንዲቆም ያደርግ ነበር። በግንቦት 2000 ኢንቴል ይህ ቺፕ ያለባቸውን ማዘርቦርዶች እንደሚተካ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር የወጣው ፔንቲየም 4 መጀመሪያ የሚሠራው በራምበስ ሜሞሪ ብቻ ነበር፤ በ2001 ግን ኢንቴል ለተራው ኤስዲራም የሚሆን ሌላ ቺፕሴት አወጣ። ከዚያ ወዲህ በጉባኤው የተወሰነው ዲዲአር ገበያውን ያዘ።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤትም ደረሰ። ራምበስ እስከ 1996 ድረስ የጄዴክ አባል ስለ ነበረ፥ በጉባኤው ተቀምጦ ሳለ የባለቤትነት ማመልከቻውን ሸሽጓል ተብሎ በ2002 በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከሰሰ። ኮሚሽኑ በ2006 ፈረደበት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2008 ፍርዱን ሻረው። እንግዲህ ከሕጉ አንጻር ራምበስ ነጻ ወጥቷል፤ ስለዚህ እኛ ፈራጆች ሆነን አንናገርም። ከታሪኩ አንጻር ግን አንድ ነገር ማለት ይቻላል። ብልኅ ፈጠራና ኃያል ደጋፊ አንድ ላይ ቢሆኑም፥ ዕቃውን የሚሠሩትና የሚገዙት ሰዎች ካልተስማሙበት አይጸናም።

ክፍተቲቱ የማትናገረው

ዘበኛይቱ ክፍተት የምታውቀው ግን ሁሉን አይደለም። ከዲዲአር 3 ወገን 1.35 ቮልት ብቻ የሚፈልግ ዲዲአር 3 ኤል የሚባል አለ። ክፍተቱ ከተራው ዲዲአር 3 ጋር አንድ ነው። ዲዲአር 3 ኤልን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ግን ባለ 1.5 ቮልቱን ቢሰኩበት አይሠራለትም። እንዲሁም ለሰርቨር የሚሠራው፥ በሞጁሉ ላይ ሬጂስተር የሚባል ተጨማሪ ቺፕ ያለው ዲዲአር 4፥ ተራው ኮምፒዩተር ውስጥ በሚገባ ይሰካል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይነሣም። በገበያ ላይ የሰርቨር ሜሞሪ አንዳንድ ጊዜ ርካሽ ሆኖ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ገዢው በዋጋው ተስቦ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በዲዲአር 5 ጊዜ መሐንዲሶቹ ይህንንም አርመውታል፤ የሰርቨሩና የተራው ሜሞሪ ክፍተት በተለያየ ቦታ እንዲሆን አድርገዋል።

ሌላም ለውጥ አለ። ሜሞሪን የሚያዝዘው ክፍል ቀድሞ በማዘርቦርዱ ቺፕሴት ውስጥ ነበር። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በ2003፥ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ ዛሬ ሜሞሪው የሚስማማው ከማዘርቦርዱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፕሮሰሰሩም ጋር መሆን አለበት። በ2021 የወጣው የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ዲዲአር 4ንም ዲዲአር 5ንም ያውቃል፤ የትኛው እንደሚሰካ የሚወስነው ግን ማዘርቦርዱ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ ታሪክ ለሥራ የሚሆን ትምህርት እናወጣለን። ሜሞሪ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከሻጩ በፊት የራሱን ኮምፒዩተር ይጠይቅ።

አንደኛ፥ የማዘርቦርዱ ወይም የላፕቶፑ ስምና ሞዴል ምንድር ነው? ይህ በሰሌዳው ላይ ወይም በላፕቶፑ ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። በስሙም የአምራቹን መመሪያ ፈልጎ ማንበብ ነው። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ታስክ ማናጀር የተባለው ገጽ የሜሞሪውን ፍጥነትና ስንት መሰኪያ እንደ ተያዘ ያሳያል።

ሁለተኛ፥ ትውልዱ ስንት ነው? ዲዲአር 3፥ 4 ወይስ 5? እነዚህ ፈጽሞ አይለዋወጡም።

ሦስተኛ፥ ቁመናው ምንድር ነው? ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ረጅሙ ዲም፥ ለላፕቶፕ አጭሩ ሶዲም ነው። በብዙ ስስ ላፕቶፖች ግን ሜሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ ምንም ሊጨመር አይችልም።

አራተኛ፥ ማዘርቦርዱ በጠቅላላውና በእያንዳንዱ መሰኪያ የሚቀበለው መጠን ስንት ነው? የ32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ተራ ኮምፒዩተር ከ4 ጊጋባይት በላይ ቢጨመርለት ሊጠቀምበት አይችልም።

አምስተኛ፥ ዓይነቱና ቮልቱ ምንድር ነው? ተራ ወይስ የሰርቨር? 1.5 ወይስ 1.35 ቮልት?

ስድስተኛ፥ ፍጥነቱ ስንት ነው? በዕቃው ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጻፋል፤ ዲዲአር 4-3200 እና ፒሲ 4-25600 አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው በ8 ሲባዛ የሚገኝ ነውና። ፈጣንና ዘገምተኛ ሜሞሪ በአንድነት የተሰኩ እንደ ሆነ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። ባለ ሁለት መስመር በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት እኩል ሜሞሪዎችን መመሪያው በሚያዝዛቸው መሰኪያዎች መሰካት ከአንድ ትልቅ ይልቅ የተሻለ ፍጥነት ይሰጣል።

አምራቾች የሞከሯቸውን ሜሞሪዎች ዝርዝርም ያወጣሉ። በዝርዝሩ ያለውን መግዛት የተሻለ ነው፤ የሌለው ሁሉ ግን አይሠራም ማለት አይደለም፤ ያልተሞከረ ማለት ነው። በሚሰካበትም ጊዜ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የኃይሉን ገመድ መንቀል፥ በሰውነት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ለማስወገድ የብረቱን ሣጥን መንካት፥ ክፍተቲቱን ከጉጡ ጋር ማስተካከል፥ ከዚያም ሁለቱን ጫፍ በእኩል ተጭኖ መያዣው እስኪይዝ መጠበቅ ነው። ያለ መጠን የሚያስገድድ ከሆነ አውጥቶ መልሶ ማየት ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ አንድ ደቂቃ የዘለለ ሰው አንድ ማዘርቦርድ ሊያጣ ይችላል።

ሜሞሪው ራሱም ስለ ራሱ ይናገራል። በሞጁሉ ላይ ኤስፒዲ የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች፤ መጠኑና ፍጥነቱ ተጽፎባታል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ሜሞሪውን ሥራ ከማስጀመሩ በፊት ይህችን ጽሑፍ ያነባል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ ከየት እንደ መጡ ተጠያይቀው ወደ ነገራቸው እንደሚገቡ ሁሉ፥ ማዘርቦርድና ሜሞሪም ሳይተዋወቁ ሥራ አይጀምሩም።

መደምደሚያ

የዚህ ታሪክ መንገድ ገና አላለቀም። በ2023 መጨረሻ ጄዴክ ለላፕቶፕ የሚሆን ካም 2 የተባለ አዲስ ዓይነት ሞጁል ወስኗል። ይህም ስስ በሆነ ላፕቶፕ ውስጥ ሜሞሪ ከመበየድ ይልቅ በብሎን ታስሮ እንዲፈታና እንዲለወጥ የሚያስችል ነው። ይህን የመሰለው ውሳኔ ርቆ በሚገኝ አዳራሽ የሚወሰን ቢሆንም፥ ፍሬው የሚታየው እንደኛ ባሉት ዘንድ ነው። የሚፈታ ዕቃ ይታደሳል፤ የተበየደ ዕቃ ግን አንድ ክፍሉ ሲደክም ሁሉም ይጣላል። አዲስ መኪና በየጊዜው መግዛት ለማይችል ትምህርት ቤት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ክፍል ተማሪ በኮምፒዩተር መማሩና አለመማሩ ነው።

ከሰባ ዓመት በላይ ከሆነው ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፥ መግባት ሁሉ መስማማት አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛትና ከመግፋት በፊት ማንበብና መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው፥ በገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች እንኳ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ቢወስኑ፥ ማንም ስማቸውን ሳያውቅ፥ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ሥራ ሊሠሩ መቻላቸው ነው። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን የምንወጣ ተማሪዎች በየሥራ መስኩ ስንሰማራ፥ ብቻችንን ከምንሠራው ትልቅ ነገር ይልቅ ከሌላው ሰው ሥራ ጋር የሚገጥም ትክክለኛ ነገር ለመሥራት ብንተጋ፥ አስተማሪዎቻችን የደከሙበት ትምህርትና ወላጆቻችን ያወጡት ገንዘብ ፍሬ አፍርቷል ለማለት ይቻላል።